ከባድ ብጉርና ሮአኩታን፦ ለእናቴ ሳልተረጉም ያለፍኳቸው ሁለት ነገሮች

ኪታ ዩድ እያለሁ አንድ ቀን በኩፓት ሆሊም የቆዳ ሐኪም ክፍል ውስጥ ሦስት ሆነን ተቀምጠን ነበር፤ ሐኪሟ፣ እናቴና እኔ። ሐኪሟ በዕብራይስጥ ትናገራለች፣ እኔ ለእናቴ በአማርኛ እነግራታለሁ። ይህን ሥራ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ከስምንት ዓመቴ ጀምሮ የአርኖና ደብዳቤ፣ የባንክ ወረቀት፣ መምህሬ በእኔው ላይ ያቀረበችውን ስሞታ ሳይቀር ስተረጉም ነው ያደግሁት። የዚያን ቀን ግን የሚተረጎመው ስለ ገዛ ፊቴ ነበር።

ጉንጮቼና አገጬ ላይ ሲነኩ የሚያሙ ጠጣር እብጠቶች ነበሩ። ጀርባዬም እንደዚያው፤ ጠዋት ስነሳ አንሶላው ላይ የደም ነጠብጣብ አገኛለሁ። ፎቶ ሲነሳ ከሰው ኋላ መቆም ለምጄ ነበር። ሐኪሟ አይታ "ይሄ ከባድ ብጉር ነው፣ ሮአኩታን ያስፈልግሻል" አለችኝና ስለ መድኃኒቱ በደንብ አስረዳች። እኔም ተረጎምኩ። ግን ሁለት ነገር ዘልዬ አለፍኩ። አንደኛው፣ መድኃኒቱን የምትወስድ ሴት ማርገዝ ፈጽሞ ክልክል መሆኑንና ለዚህም የእርግዝና ምርመራ እንደሚታዘዝልኝ ነው። ሁለተኛው፣ ደም መለገስ እንደማልችል ነው። የመጀመሪያውን ያለፍኩት አፍሬ ነው። ሁለተኛውን ያለፍኩት "ደማችሁን አንፈልግም" የሚል ቃል ቤታችን ውስጥ ምን እንደሚቀሰቅስ ስለማውቅ ነው።

ዛሬ የነርስነት ተማሪ ነኝ። የአክስቶቼ ልጆች የፊታቸውን ፎቶ በዋትስአፕ እየላኩ "ሮአኩታን ልውሰድ ወይስ ይቅርብኝ?" ይሉኛል። ለእነሱ በጥቂት በጥቂቱ የምመልሰውን እዚህ አንድ ላይ ልጻፈው፤ ወደ እነዚያ ሁለት ነገሮችም እመለሳለሁ።

ብጉር ከየት ይመጣል?

ከቆዳችን ሥር ቅባት የሚያመነጩ ዕጢዎች አሉ። በብዛት የሚገኙት ፊት፣ ደረትና ጀርባ ላይ ነው። በጉርምስና ጊዜ አንድሮጅን የሚባሉት ሆርሞኖች በወንዱም በሴቷም ሰውነት ውስጥ ከፍ ይላሉ፤ ዕጢዎቹም ብዙ ቅባት ያመነጫሉ። በዚያ ላይ የሞቱ የቆዳ ሕዋሳት ተጠራቅመው ቅባቱ የሚወጣበትን ቀዳዳ ይደፍኑታል። ውስጥ የታፈነው ቅባት ደግሞ ኩቲባክቴሪየም አክኒስ ለሚባል ባክቴሪያ ምግብ ይሆነዋል። ይሄ ባክቴሪያ ጤነኛ ሰው ቆዳ ላይም የሚኖር ነው፤ ከማንም አልተላለፈባችሁም። ሰውነት በዚህ ሁሉ ሲቆጣ ቦታው ያብጣል፣ ያማል፣ መግል ይይዛል። ቁጣው ወደ ጥልቁ ሲወርድ ጠጣር እብጠት ይሆናል። ከባድ ብጉር የምንለው ይሄኛውን ነው።

እንግዲህ ነገሩ የንጽሕና ጉድለት አይደለም። እኔ በቀን አምስት ጊዜ ፊቴን በሳሙና እየፈተግሁ ቆዳዬን አደረቅሁት እንጂ ብጉሩን አላጠፋሁትም። አያቴ "ዓይን በልቷት ነው" ይሉ ነበር። እናቴ በርበሬውን ከወጡ ቀነሰች፤ ወጡ ተበላሸ፣ ብጉሩ ግን እንዳለ ቀረ። በርበሬ ብጉር እንደሚያመጣ የሚያሳይ ማስረጃ የለም። ብዙ ስኳርና ወተት በአንዳንድ ሰዎች ላይ ብጉርን እንደሚያባብሱ የሚጠቁሙ ጥናቶች አሉ፤ ይሁንና ከባድ ብጉር በምግብ ለውጥ ብቻ አይድንም። ዘር ግን ድርሻ አለው፤ አባቷ ወይም እናቷ ከባድ ብጉር የነበረባቸው ልጅ ዕድሏ ከፍ ይላል።

ከቤታችን ልማድ ጋር የሚገናኝ አንድ ነገር አለ፤ የፀጉር ቅባት። ቅቤም ይሁን የኮኮናት ዘይት ወይም የሱቅ ቅባት ወደ ግንባር ሲወርድ ቀዳዳውን ሊደፍን ይችላል። ግንባራችሁ ላይ ብቻ ብጉር የሚበዛ ከሆነ መጀመሪያ እሱን ጠርጥሩ።

በጠቆረ ቆዳ ላይ የሚለየው ነገር

የብጉር ሥዕሎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳዩት ነጭ ቆዳ ላይ ያለ ቀይ እብጠት ነው። በእኛ ቆዳ ላይ ቅላቱ ብዙም አይታይም፤ ጥቁር ቡናማ ወይም ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ሆኖ ነው የሚታየው። ስለዚህ ሐኪሙ ቁጣውን አሳንሶ ሊያየው ይችላል። "ሲነካ ያመኛል፣ ከሥሩ ጠጣር ነው፣ ሳምንታት ይቆያል" ብላችሁ ንገሩት። ጀርባችሁንም አሳዩ፤ ማፈር የለም።

ሁለተኛው ልዩነት ብጉሩ ካለፈ በኋላ የሚቀረው ነው። ቆዳ ሲቆጣ ቀለም የሚሠሩት ሕዋሳት ከመጠን በላይ ይሠራሉ፤ ቦታውም ይጠቁራል። ይህ ጠባሳ አይደለም። ጠፍጣፋ ጥቁር ምልክት ነው፣ በወራት ውስጥ እየደበዘዘ ይሄዳል፤ አንዳንዴ ግን ከዓመት በላይ ይቆያል። ፀሐይ ያባብሰዋል። "እኛ ጥቁሮች ነን፣ የፀሐይ ክሬም ምን ያደርግልናል?" የሚለውን ወሬ ተዉት። እውነተኛ ጠባሳ የሚባለው የሚጎደጉደው ወይም ከቆዳው በላይ የሚያብጠው ነው። የሚያብጠው ዓይነት፣ ኬሎይድ የሚባለው፣ በጠቆረ ቆዳ ላይ በብዛት ያጋጥማል፤ በተለይ መንጋጋ፣ ደረት፣ ትከሻና ጀርባ ላይ።

"ስታገቢ ይጠፋል" የሚለው ምክር ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ብጉሩ አንድ ቀን መጥፋቱ አይቀር ይሆናል፤ ጎድጓዳው ግን ይቀራል። ከባድ ብጉርን ቶሎ ማከም የሚያስፈልገው ለዛሬው ፎቶ ሳይሆን የማይመለሰውን ጠባሳ ለመከላከል ነው።

የቤት መድኃኒትን በተመለከተ፣ አያቴን አከብራቸዋለሁ፤ ነጭ ሽንኩርትና ሎሚ ግን ፊት ላይ አታድርጉ። ነጭ ሽንኩርት ቆዳ ያቃጥላል፤ ሎሚ ተቀብቶ ፀሐይ ላይ መውጣትም ቆዳን አቃጥሎ ጥቁር ምልክት ይተዋል። ከዚህ የባሰው "ያነጣል" ተብሎ የሚሸጠው ክሬም ነው። አንዳንዱ ውስጥ ጠንካራ ስቴሮይድ አለበት። ለጥቂት ሳምንት ፊትን ያሳምራል፣ ከዚያ ቆዳውን ያሳሳና ራሱ ብጉር ያመጣል።

ከሮአኩታን በፊት የሚሞከረው

ሁሉም ብጉር ሮአኩታን አይፈልግም። ለቀላሉና ለመካከለኛው የሚቀባ መድኃኒት አለ፤ ቀዳዳው እንዳይደፈን የሚያደርገው አዳፓሊን፣ ባክቴሪያውን የሚገድለው ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ፣ ወይም ሁለቱ ባንድነት። ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ፎጣና የትራስ ጨርቅ ቀለም ያጠፋል፤ እናታችሁ ሳትቆጣ ነጭ ፎጣ ያዙ። ውጤቱ የሚታየው ከሁለት ወይም ሦስት ወር በኋላ ነው። ብዙ ሰው ግን በሦስተኛው ሳምንት "አልሠራም" ብሎ ይተወዋል። ካልበቃ ሐኪሙ ለተወሰኑ ወራት እንደ ዶክሲሳይክሊን ያለ የሚዋጥ አንቲባዮቲክ ይጨምራል። ወር አበባዋ ለሚዛባባት ወይም አገጯ ላይ ፀጉር ለሚበዛባት ልጅ ደግሞ የሆርሞን ምርመራ ሊያስፈልግ ይችላል፤ ይህን ለሐኪሙ መንገር ጥሩ ነው።

ወደ ሮአኩታን የሚኬደው እነዚህ ሳይሠሩ ሲቀሩ፣ ወይም ብጉሩ ከጅምሩ ጠጣርና ጥልቅ ሲሆን፣ ወይም ጠባሳ መተው ሲጀምር ነው።

መድኃኒቱ ምን ያደርጋል?

ትክክለኛ ስሙ አይሶትሬቲኖይን ነው። ሮአኩታን መጀመሪያ የወጣበት የንግድ ስም ነው፤ ሳጥናችሁ ላይ ሌላ ስም ልታዩ ትችላላችሁ። ከቫይታሚን ኤ ጋር የሚዛመድ ነገር ሲሆን በአሜሪካ የተፈቀደው በ1982 ነው። የቅባት ዕጢዎቹን ያሳንሳል፣ ቀዳዳው እንዳይደፈን ያደርጋል፤ ቅባቱ ሲቀንስ ባክቴሪያውም ምግብ ያጣል፣ ቁጣውም ይበርዳል። ከሌሎቹ የሚለየው መድኃኒቱ ካበቃ በኋላም በብዙዎች ላይ ውጤቱ መቆየቱ ነው። ጥቂቶች ግን ሁለተኛ ዙር ያስፈልጋቸዋል።

መጠኑ በኪሎ ይሰላል። አብዛኛውን ጊዜ በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት ከ0.5 እስከ 1 ሚሊግራም ነው፤ በጠቅላላው ደግሞ ለአንድ ኪሎ ከ120 እስከ 150 ሚሊግራም ላይ ለመድረስ ይታሰባል። 60 ኪሎ የምትመዝን ልጅ 120 ላይ ለመድረስ 7,200 ሚሊግራም ያስፈልጋታል። በቀን 40 ብትወስድ 180 ቀን፣ ማለትም ስድስት ወር ማለት ነው። "ለምን ይሄን ያህል ይረዝማል?" ለሚለው መልሱ ይሄ ስሌት ነው። ስሌቱን የሚሠራው ግን ሐኪሙ ነው፤ በራሳችሁ አትጨምሩ፣ አትቀንሱ። መድኃኒቱ ስብ ካለበት ምግብ ጋር ሲወሰድ ነው ሰውነት በደንብ የሚቀበለው። እኔ ከእራት ጋር እወስደው ነበር፤ ዘይት ያለበት ወጥ፣ አቮካዶ ወይም ጠሒና ይበቃል።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ብጉሩ ሊብስ ይችላል። የማይነገረው ሰው እዚህ ጋ ደንግጦ ያቆማል። በጣም ከባሰ ለሐኪሙ ደውሉ።

የሚያስከትለው ጉዳት

ከንፈር መድረቅ የማያገኘው ሰው የለም ማለት ይቻላል፤ የከንፈር ቅባት ከኪስ አይጠፋ። ዓይን ይደርቃል፣ አፍንጫ አንዳንዴ ይደማል፣ ቆዳ በፀሐይ ቶሎ ይቃጠላል። ጀርባና ጡንቻ ሊያም ይችላል፣ በተለይ ስፖርት ለሚሠራ። በጨለማ የማየት አቅም ሊቀንስ ስለሚችል ማታ ለምትነዱ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ፀጉርን በሰም መንቀል ቆዳን ይልጣል፤ በሕክምናው ጊዜና ከዚያ በኋላ ለስድስት ወር ተዉት።

እናቶቻችን የሚፈሩት ጉበትን ነው። ፍርሃቱ መሠረት አለው። መድኃኒቱ የጉበት ኢንዛይሞችንና ትራይግሊሰሪድ የሚባለውን የደም ስብ ከፍ ሊያደርግ ይችላል። ለዚህ ነው ከመጀመሩ በፊትና ከተጀመረ በኋላ የደም ምርመራ የሚታዘዘው። ውጤቱ ከፍ ካለ ሐኪሙ መጠኑን ይቀንሳል ወይም ያቆመዋል። አልኮል በዚህ ጊዜ አይመከርም። የቫይታሚን ኤ እንክብልና እንደ ዶክሲሳይክሊን ያሉ አንቲባዮቲኮችም አብረውት አይወሰዱም፤ ከነዚህ አንቲባዮቲኮች ጋር ሲሆን በራስ ቅል ውስጥ ያለው ግፊት ሊጨምር ይችላል። ብርቱ ራስ ምታት ከዓይን መደብዘዝ ጋር ከመጣ መድኃኒቱን አቁማችሁ ወዲያው ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

ስለ ስሜት ብዙ ይወራል። የብዙ ጥናቶችን ውጤት አንድ ላይ ያዩ ተመራማሪዎች መድኃኒቱ በጥቅሉ ድብርትን ይጨምራል የሚል ማስረጃ አላገኙም፤ ከባድ ብጉር ራሱ ሰውን ያስከፋል፣ ሲድንም ብዙዎች ይሻላቸዋል። ያም ሆኖ አንድ ሰው ላይ ለውጥ ሊመጣ ስለሚችል ለቅርብ ሰው ንገሩ፤ "እንግዳ ከሆንኩብሽ ንገሪኝ" በሉ። ሐሳቡ ከከበዳችሁ ለሐኪሙ ንገሩ፤ በማንኛውም ሰዓት ደግሞ ወደ ኤራን፣ 1201፣ መደወል ይቻላል።

ዘልዬ ያለፍኩት አንድ፦ እርግዝና

በሁለተኛው ሳምንት እናቴ ሳጥኑን አገኘችው። ዕብራይስጥ አታነብም፤ ሥዕሉ ግን ንባብ አያስፈልገውም፤ እርጉዝ ሴት፣ በላይዋ ላይ መስመር የተሰመረባት። ምንም አላለችኝም። ማታ መድኃኒቴን ስፈልግ አጣሁት። ስጠይቃት "ሊያመክኑሽ ነው እንዴ? አንቺስ እያወቅሽ ነው የምትውጭው?" አለችኝ። እያለቀሰች ነበር።

ይህን የምትለው ዝም ብላ አይደለም። በ2012 መጨረሻ ከኢትዮጵያ የመጡ ሴቶች ዴፖ ፕሮቬራ ስለሚባለው የወሊድ መከላከያ መርፌ፣ ሳይገባን ተወጋን ብለው በእስራኤል ቴሌቪዥን ተናገሩ። በጥር 2013 የጤና ሚኒስቴር ዋና ዳይሬክተር፣ ሴቲቱ የመርፌው ነገር በትክክል ላይገባት ይችላል ተብሎ ከተጠረጠረ ማዘዣው እንዳይታደስ ለኩፖት ሆሊም ጻፉ። የመንግሥት ተቆጣጣሪው በ2016 የማስገደድ ማስረጃ አላገኘሁም አለ። በየቤታችን ሳሎን ግን ነገሩ አልተዘጋም። እናቴ ያንን ሥዕል ያየችው በዚህ ዓይን ነው።

እውነቱ እንዲህ ነው። አይሶትሬቲኖይን ሴትን አያመክንም። አደጋው በዚያን ጊዜ ለሚፀነስ ልጅ ነው፤ የፅንሱን ልብ፣ አንጎል፣ ጆሮና ፊት ክፉኛ ሊያበላሽ ይችላል። ስለዚህ ሴት ከመጀመሯ በፊትና በሕክምናው ጊዜ የእርግዝና ምርመራ ታደርጋለች፤ እንዳታረግዝም መጠንቀቅ አለባት። መድኃኒቱን ከጨረሰች አንድ ወር በኋላ ከሰውነቷ ወጥቷል፤ ከዚያ ወዲያ መውለዷን አይነካም። ምርመራው ጥርጣሬ ወይም ስድብ አይደለም፤ ማርገዝ ለምትችል ለማንኛዋም ሴት፣ ነጭ ትሁን ጥቁር፣ ባለትዳር ትሁን ልጃገረድ፣ አንድ ዓይነት ነው። መድኃኒቱን ለእህት ወይም ለጓደኛ ማካፈል ክልክል የሆነበትም ዋናው ምክንያት ይሄ ነው።

ወላጅ ፊት የማይወራ ነገር ካለ ደግሞ ሐኪሙን "ለብቻችን ልናነጋግርዎ እንችላለን?" ብላችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ።

ዘልዬ ያለፍኩት ሁለት፦ ደም

በጥር 1996 ከኢትዮጵያ የመጡ ሰዎች የለገሱት ደም ሳይነገራቸው ሲጣል እንደነበር በጋዜጣ ተገለጠ። በሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖቻችን ኢየሩሳሌም ላይ ሰልፍ ወጡ። እናቴ ያኔ ወጣት ነበረች፤ እስከ ዛሬ የደም ልገሳ መኪና ስታይ ፊቷን ታዞራለች።

የሮአኩታን ክልከላ ግን ከዚያ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። መድኃኒቱ በደም ውስጥ ስላለ፣ የለገሳችሁት ደም ለእርጉዝ ሴት ቢሰጥ ፅንሷን ሊጎዳ ይችላል። ለዚህ ነው ወንዱም ሴቷም በሕክምናው ጊዜና ከጨረሱ በኋላ ለአንድ ወር የማይለግሱት። ከወሩ በኋላ በዚህ ምክንያት የሚከለክላችሁ የለም። ከዘራችን ጋር አይያያዝም፤ በፊተኛው ወንበር የተቀመጠው ነጩ ልጅም እንደኛው አይለግስም።

በመጨረሻ እንዴት ተፈታ?

ስምንት ቀን መድኃኒት ሳልወስድ ቆየሁ፤ ለሐኪሟም አልነገርኩም። ከዚያ ቀጠሮ ይዘን ተመለስን። በዚህ ጊዜ ተርጓሚዋ እኔ አልነበርኩም፤ ክሊኒኩ ከኛው ወገን የሆነች መጋሼሬት ጠራልን። እናቴን "እህቴ" እያለች አንድ ባንድ አስረዳቻት። እናቴ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ "ከጨረሰች ስንት ጊዜ በኋላ ነው መውለድ የምትችል?" "ከአንድ ወር በኋላ።" ከዚያ ወደ እኔ ዞራ "እንዲህ ብለሽ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?" አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

የ1996 የበሽተኛ መብት ሕግ ሐኪም በሚገባችሁ መንገድ እንዲያስረዳችሁ፣ ምሥጢራችሁንም እንዲጠብቅ ያዛል። በ2011 የወጣው የጤና ሚኒስቴር መመሪያም የጤና ተቋማት በቋንቋና በባህል ለሁሉም ተደራሽ እንዲሆኑ ይጠይቃል። ስለዚህ ቀጠሮ ስትይዙ "የአማርኛ ተርጓሚ ወይም መጋሼር እንፈልጋለን" በሉ። አንዲት የ16 ዓመት ልጅ ስለራሷ እርግዝና ምርመራ ለእናቷ እንድትተረጉም መደረግ የለበትም።

እኔ ሕክምናውን በሰባት ወር ጨረስኩ። ጥቁሮቹ ምልክቶች ለመደብዘዝ ሌላ አንድ ዓመት ፈጀባቸው። ግራ ጉንጬ ላይ ሁለት ጎድጓዶች ቀርተዋል፤ "ያልፋል" እየተባልኩ በጠበቅሁባቸው ሁለት ዓመታት የመጡ ናቸው።

ባለፈው ሳምንት የአክስቴ ልጅ ሮአኩታን ሊጀምር ነውና ለእናቱ በአማርኛ ምን ብሎ እንደሚነግራት ጠየቀኝ። የጻፍኩለትን ለእናንተም ልተወው፦ "እማዬ፣ ይሄ መድኃኒት ጠንካራ ነው፤ ስለዚህ ደሜን እየመረመሩ ይከታተሉኛል። እስክጨርስና አንድ ወር እስኪያልፍ ደም አልሰጥም፤ እርጉዝ ሴት ብትወስደው ልጇን ስለሚጎዳ ነው እንጂ ደሜ ስለተናቀ አይደለም። ለሁሉም ሰው ነው። ያልገባሽ ነገር ካለ አብረን ሄደን እንጠይቅ።" ሴቶቻችሁ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨምሩበት፦ "በዚህ ጊዜ ማርገዝ ክልክል ስለሆነ ይመረምሩኛል፤ ከጨረስኩ ከአንድ ወር በኋላ መውለዴን አይነካም።" ስትናገሩት ያሳፍር ይሆናል። ግን ተናግሮ መጨረስ አንድ ደቂቃ አይፈጅም።